በሃይብሪድ ሃርድ ዲስክ ላይ በአንድ ቴስት አይፈረድም

የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖ ነው ያስረከበው። "ሃርድ ዲስኩ ሃይብሪድ ነው፤ ከኤስኤስዲ አይተናነስም" ብሎታል። ልጁ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ዝም ብሎ አያምንም። ቤት እንደገባ የፍጥነት መለኪያ ሶፍትዌር ጫነና ለካው። የወጣው ቁጥር የተራ ሃርድ ዲስክ ቁጥር ሆነበት። ወዲያው ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ ተሸውጃለሁ መሰለኝ" አለኝ።

ላፕቶፑን ይዘህ ና አልኩት። ማታ ላይ መጣ። ሶፍትዌሩን አልነካነውም። አንድ ወረቀትና እስክሪቢቶ አወጣን፤ ሰዓት በስልኬ ያዝን። ላፕቶፑን ሪስታርት እያደረግን፣ ዊንዶውስ ተነስቶ ብሮውዘሩ እስኪከፈት ያለውን ጊዜ መጻፍ ጀመርን። የመጀመሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ ወሰደ። ሁለተኛው ቀነስ አለ። ሦስተኛው ላይ ልጁ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ጊዜው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ወርዷል። በቡና ጠንካራው አቦሉ ነው። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዕቃው የሚበረታው በረካው ላይ ነው።

ሻጩም ሶፍትዌሩም አልዋሹም። ግን ሁለቱም የተናገሩት ግማሹን ነው። ሃይብሪድ ዲስክ ተራ ሃርድ ዲስክና ትንሽ ፍላሽ (ኤስኤስዲ የሚሠራበት ፈጣን ማከማቻ) በአንድ ላይ የያዘ፣ የባለቤቱን ልማድ እየተማረ የሚፈጥን ዕቃ ነው። ስለዚህ "ፍጥነቱ ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ አይሆንም። ለየትኛው ሥራ? ለስንተኛ ጊዜ? ከምን ሥራ በኋላ? እነዚህ ካልታወቁ ቁጥሩ ገዢና ሻጭ ከማጣላት ውጪ ጥቅም የለውም። ጉዳዩ የሚያሳስበኝ እኛ ጋ ብዙ ተማሪ የሚገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሆነ ነው። ሃይብሪድ የተገጠመላቸው የቆዩ ማሽኖች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። በዚያ ላይ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሜሞሪና የፍላሽ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። አዲስ ኤስኤስዲ መግዛት ሲከብድ ሰው ያለውን አሮጌ ዕቃ አጥብቆ ማወቅ ይኖርበታል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ውስጡ ምን አለ?

ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በላዩ ላይ የሚያነብ ክንድ ይመላለሳል። የላፕቶፕ ዲስክ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የምንፈልገው ነገር ክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ እንጠብቃለን። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ሌላ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ጨምሩበት። ድምሩ 15 አካባቢ ይሆናል።

15 ሚሊሰከንድ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ግን አስሉት። ዲስኩ በሰከንድ ማንበብ የሚችለው ከ60 እስከ 70 የተበታተኑ ቁራጮችን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 4 ኪሎባይት ቢሆን በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ገደማ መሆኑ ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም በተርታ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ይደርሳል። ልዩነቱ 400 እጥፍ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ ፊልም አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። "ኮምፒውተሬ ይጎተታል" የምንለው እዚህ ጋ ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያንኑ ቁራጭ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያቀርባል።

ሃይብሪድ ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣ ነው። በ2007 ሳምሰንግ 128 ወይም 256 ሜጋባይት ፍላሽ ያለው ዲስክ አውጥቶ ነበር። የዊንዶውስ ቪስታን እገዛ የሚጠብቅ ነበርና አልዘለቀም። ነገሩን በሁለት እግሩ ያቆመው ሲጌት ነው። በ2010 ሞመንተስ ኤክስቲን አመጣ፤ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት ፍላሽ ጋር። ይኼኛው የማንንም ሶፍትዌር እገዛ አይፈልግም፤ ሥራውን ሁሉ ዲስኩ ራሱ ይሠራዋል። በ2011 መጨረሻ 750 ጊጋባይት ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ ጋር ተከተለ። በ2013 ሦስተኛው ትውልድ ሲመጣ ኤስኤስኤችዲ የሚለው ስም ወጣለት። ያኔ የላፕቶፑ ዲስክ ዙር ከ7200 ወደ 5400 ወረደ፤ ፍላሹም እዚያው 8 ጊጋባይት ላይ ቀረ።

8 ጊጋባይትን ከ1 ቴራባይት ጋር አነጻጽሩት። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ በዚህች ጠባብ ቦታ ምን ይቀመጥ?

የሰፈር ባለሱቅን አስቡ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ እጁ ሥር ነው። አልፎ አልፎ የሚጠየቀው ዕቃ ከኋላ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እሱን ለማውረድ መሰላል ይዞ መውጣት አለበት። የትኛው የት ይቀመጥ ብሎ ማንም አላስተማረውም። ሰፈሩ ነው ያስተማረው። ሃይብሪድ ዲስክም እንደዚያው ነው። ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም፤ የትኛው ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ብቻ ይከታተላል። የተደጋገመውን ወደ ፍላሹ ይገለብጠዋል። ራም የያዘው ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፍላሽ ግን መብራት ቢሄድም የያዘውን አይለቅም፤ ትናንት የተማረውን ዛሬ ጠዋት ያስታውሳል። ትልቁ ለውጥ ማሽኑ ሲነሳ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ ለምን ያሳስታል?

አሁን አንድ የሰፈሩ ያልሆነ ሰው ሱቁ ውስጥ ገባ እንበል። የያዘው ዝርዝር በዕጣ የወጣ ነው። አንድ ሚስማር፣ አንድ የፋኖስ ብርጭቆ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ጠየቀ። ባለሱቁ መሰላሉ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ሰዓቱን አየና "ይሄ ሰውዬ ቀርፋፋ ነው" ብሎ ሄደ። የሰፈሩ ሰው ሲሰማ ይገረማል፤ እሱ በየቀኑ ስኳሩን በቅጽበት ነው የሚቀበለው።

ክሪስታልዲስክማርክን እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ካልቀየራችሁት በቀር መጀመሪያ ዲስኩ ላይ 1 ጊጋባይት የሚሆን የራሱን ፋይል ይጽፋል። ያንን ፋይል አንዴ በተርታ፣ አንዴ በተበታተነ መንገድ ያነባል፣ ይጽፋል። ይህን 5 ጊዜ ደጋግሞ ከአምስቱ የተሻለውን ያሳያል። ለሃይብሪድ ይህ አካሄድ ከሁለት በኩል ያሳስታል።

በአንድ በኩል ፋይሉ አዲስ ነው። ዲስኩ ስለ እሱ የተማረው ነገር የለም። የእናንተን ዊንዶውስ ለማፍጠን በፍላሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ለዚህ ፈተና አይጠቅምም። የምታዩት የሳህኑን ፍጥነት ነው። የአክስቴ ልጅ የደነገጠው በዚህ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ያው ፈተና ሳህኑን ከልክ በላይ ያሞግሰዋል። 1 ጊጋባይት ከ500 ጊጋባይት ዲስክ 0.2 በመቶ ነው። ክንዱ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ብቻ ስለሚመላለስ ርቆ አይሄድም። በእውነተኛ ሕይወት ፋይሎች ከዳር እስከ ዳር ተበትነው ነው የሚገኙት። ፈተናውን ደጋግማችሁ ካስሮጣችሁት ደግሞ ዲስኩ ያቺን ፋይል እንደ ልማድ ሊቆጥራት ይችላል። ያኔ ቁጥሩ ይዘላል፤ ለእናንተ ሥራ ግን አንዳች የተሻለ ነገር የለም።

ዲስኩ ባዶ ወይም ሙሉ መሆኑም ልዩነት ያመጣል። የሳህኑ የውጪ መስመር ረዘም ስለሚል በአንድ ዙር ብዙ መረጃ ያልፍበታል። ወደ መሐል ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በባዶ ዲስክ ላይ የተለካን ቁጥር ከሞላ ዲስክ ቁጥር ጋር አታስተያዩ።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ አለ። ሊኑክስ ላይ ብዙ የሚሠራበት ኤፍአይኦ ጥያቄዎቹን በእኩል ዕድል ከመበተን ይልቅ ጥቂቶቹ ቁራጮች ደጋግመው እንዲጠየቁ፣ የቀሩት አልፎ አልፎ ብቻ እንዲነኩ ማድረግ ይችላል። አከፋፈሉ ዚፕፍ ይባላል። የሰፈር ሱቅ ገበያ ማለት ነው። ካሽ (እንደ ሃይብሪዱ ፍላሽ፣ ተደጋግሞ የሚፈለገውን የሚይዝ ፈጣን ጠባብ ቦታ) ያለበትን ዕቃ በዕጣ ዝርዝር ብቻ የሚፈትን ሰው ካሹን እየፈተነው አይደለም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

አማካዩ የሚደብቀው

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሰው ሊይዘው የሚገባ ሂሳብ አለ። ፍላሹ ውስጥ ሲገኝ 0.1 ሚሊሰከንድ፣ ሳህኑ ላይ ሲሆን 15 ሚሊሰከንድ ብለን እንነሳ።

ከ100 ጥያቄ 50ው ፍላሹ ውስጥ ቢገኝ አማካዩ 7.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከተራው ዲስክ በሁለት እጥፍ መፍጠኑ ነው። 90ው ቢገኝ 1.6 ይሆናል። አሁን ከሃርድ ዲስኩ በዘጠኝ እጥፍ ይፈጥናል። ደስ ይላል። ግን ከኤስኤስዲ ጋር ስታስተያዩት አሁንም 16 እጥፍ ይዘገያል። ከ100 ጥያቄ 99ኙ ፍላሹ ውስጥ ቢገኝ እንኳ አማካዩ 0.25 ነው፤ የኤስኤስዲውን ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው።

እስቲ 90ውን ቆም ብለን እንየው። ያ 1.6 የሚባል ቁጥር የትም የለም። አንድም ጥያቄ በ1.6 ሚሊሰከንድ አልተመለሰም። 90ው በ0.1፣ 10ሩ በ15 ነው የተመለሱት። እናንተ የምታስተውሉት ደግሞ 10ሩን ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ድንገት ቀጥ የሚልባት ቦታ እሷ ናት። ስለዚህ አማካይ ብቻ የሚነግራችሁን ቴስት አትመኑት። በጣም የዘገየው አንድ መቶኛ ስንት ወሰደ ብላችሁ ጠይቁ። ኤፍአይኦ ይህንን ይነግራል። በሰዓት የምትለኩ ከሆነ ደግሞ አምስቱንም ቁጥር ጻፉ፤ ደምራችሁ አታካፍሉ።

በቤት ሲለካ

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን አየን። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ያሳያል። ቁጥር 5 ላይ ዲስኩ በመለዋወጫ የተካቸው የተበላሹ ቦታዎች አሉ። ቁጥር 197 ላይ ማንበብ አቅቶት በጥርጣሬ የያዛቸው አሉ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ፍጥነት መለካቱን ተዉት፤ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ። ቁጥር 9 ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል፤ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሻጩ ፊት ማየት ጥሩ ነው። ዲስኩ ሃይብሪድ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ እዚያው ላይ የሞዴል ቁጥሩን አይቶ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ተራ ሃርድ ዲስክ ብሎ ሊያሳየው ይችላል።

ከዚያ ሪስታርት። ሻት ዳውን አድርጎ ማብራት አይሆንም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን ስትሉት ሲስተሙን በከፊል ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያንቀላፋው። ሲነሳ ከባዶ አይጀምርም፤ ፈጣን ይመስላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጭናል። ራሙንም ያጸዳዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድን ፕሮግራም ዘግታችሁ ወዲያው ብትከፍቱት የሚመጣው ከራም ነው፣ ዲስኩ ምንም አልሠራም።

አምስት ጊዜ ሪስታርት፣ አምስት ቁጥር። ከዚያ በየቀኑ የምትከፍቱትን ከባድ ፕሮግራም ጨምሩ። እኛ አውቶካድን ከፈትን። እዚህም መጀመሪያ ዘገየ፣ በኋላ ፈጠነ። ቀጥሎ ፎቶ የሞላበት ትልቅ ፎልደር ኮፒ አደረግን። በእሱ ምንም ለውጥ አልመጣም፣ ሊመጣም አይችልም። ረጅም ተርታ ለሳህኑ ይመቸዋል፤ ዲስኩም ጠባቧን ፍላሽ በእሱ አይሞላትም። የመጀመሪያው ሞመንተስ ኤክስቲ እንዲያውም ፍላሹን የሚጠቀመው ለማንበብ ብቻ ነበር። "ሃይብሪድ ነው፣ ኮፒ ሲያደርግ ይበራል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሳስቷል።

ከሁሉም በላይ አስፈላጊ የምለው ቀጣዩ ነው፤ ብዙ ግምገማዎች የሚዘሉትም እሱን ነው። የተማረውን ምን ያህል ይይዛል? ልጁን "ሳምንት ሙሉ እንደልብህ ሥራበት፣ ከዚያ መልሰህ ለካ" አልኩት። በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት አዲስ ፕሮጀክት ተሰጥቶት ሌላ ከባድ የሦስት አቅጣጫ መሳያ ሶፍትዌር ጭኖ ሲሠራ ሰነበተ። ቅዳሜ መጣና ለካን። ዊንዶውስ አሁንም ቶሎ ተነሳ፤ በየቀኑ ስለሚነሳ ቦታውን አልተነጠቀም። አውቶካድ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ቁጭ አለ። ባለሱቁ ሰኞ እጁ ሥር ያስቀመጠውን ሲባጎ ሌላ ዕቃ ሲበዛበት መልሶ መሰላሉ ጋ ሰቅሎታል። 8 ጊጋባይት ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ብሮውዘርና ኤክሴል ይበቃል። ሦስት ከባድ ፕሮግራም ለሚያፈራርቅ ተማሪ አይበቃም። በአንድ ማታ ቴስት ብቻ ቢሆን ይህን አናውቀውም ነበር።

ስምም አይግዛችሁ። አፕል በጥቅምት 2012 ፊውዥን ድራይቭን ሲያስተዋውቅ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ ጋር አጣምሮ ነበር። ይኼኛው መረጃውን ከመገልበጥ ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። በ2015 ግን ባለ 1 ቴራባይቱ ላይ ኤስኤስዲው ወደ 24 ጊጋባይት ወረደ። ስሙ ያው ነው። የ2012ን ውዳሴ አንብቦ የ2015ን ማሽን የገዛ ሰው ሌላ ዕቃ ነው የገዛው።

"ሃይብሪድ አርጅቷል፣ ምን ያደርግልኛል?" የሚል አይጠፋም። ርካሽ ኤስኤስዲ ልትገዙ ከሆነ ግን ነገሩ እናንተም ጋ ደርሷል። ዛሬ ብዙ ኤስኤስዲ ውስጡ ዘገም ያለ ፍላሽ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈጣን ጠባብ ቦታ ይይዛል። በ2018 መጨረሻ የወጣው ሳምሰንግ 860 ኪውቪኦ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለ 1 ቴራባይቱ እስከ 42 ጊጋባይት ድረስ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አልፎ ይጽፋል። ያ ቦታ ሲሞላ ወደ 80 ይወርዳል። ሳምሰንግ ራሱ ይህን አልደበቀም፤ ከዕቃው መግለጫ ላይ አስፍሮታል። 1 ጊጋባይት የሚጽፍ ቴስት ግን እዚያ ጋ መቼም አይደርስም። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው በአንድ ቀን 100 ጊጋባይት ሲገለብጥ ይደርሳል። እሱ መፈተን ያለበት በራሱ ፎልደር ነው፤ ኮፒውን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ማየት።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን አልመለሰም። ሻጩንም አልተጣላውም። ትንሽ ቆይቶ አነስተኛ ኤስኤስዲ ገዛና ዊንዶውሱን እዚያ ላይ ጫነ። ሃይብሪዱን የሲዲ ማንበቢያው በነበረበት ቦታ አስገብቶ የፎቶና የፕሮጀክት ማስቀመጫ አደረገው። ያቺ ወረቀት ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ አለች። በእኔ እጅ ጽሑፍ ሁለት ዓምድ አለባት፤ አንዱ የመጀመሪያው ማታ፣ ሌላው የቅዳሜው። ከጎናቸው እሱ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሮበታል። ኤስኤስዲ ይላል ከላዩ። ከሥሩ አምስት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያውና አምስተኛው በአንድ ሰከንድ እንኳ አይለያዩም።